በክሩዝ (የሽርሽር) መርከብ የመጀመሪያ ቀን ምሳችሁን ቡፌው ላይ አትብሉ

የመሳፈሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው የሚጎርፈው ወደ ቡፌው ነው። መኝታ ክፍሎቹ ገና እየተዘጋጁ ስለሆነ ሌላ መሄጃ ያለ አይመስልም። ሳህን በአንድ እጅ፣ ሻንጣ በሌላ እጅ ይዞ ባዶ ወንበር ማደን ደግሞ አያዝናናም።

እንደገባችሁ ያገኛችሁትን የመርከቡን ሠራተኛ «ከቡፌው ሌላ አሁን ምን ክፍት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በብዙ መርከቦች ላይ መዋኛ ገንዳው አጠገብ ያለው በርገር ቤት፣ ፒዛ ቤቱ ወይም ትንሽ ካፌ ይሠራል። አንዳንዴ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽም ክፍት ነው፤ እዚያ ተቀምጣችሁ ትስተናገዳላችሁ። ሂሳቡ አብዛኛውን ጊዜ በትኬቱ ውስጥ ተካቷል፣ ግን ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ። ቡፌው የሚጨናነቀው ምግቡ ስለሚበልጥ አይደለም። ሰው ሌሎቹን መመገቢያ ቦታዎች ስለማያውቅ ነው።

መጠጥ ላይ አትቸኩሉ። ውሃ፣ ተራ ቡናና ሻይ ብዙ ጊዜ በነጻ ናቸው። ለስላሳና አልኮል ግን በአብዛኞቹ መርከቦች ይከፈልባቸዋል። በር ላይ ፈገግ ብሎ የሚቀርብላችሁ ባለቀለም ኮክቴልም እንዲሁ! የመጠጥ ጥቅል (አስቀድሞ አንዴ ተከፍሎ በጉዞው የሚጠጣበት) የምትፈልጉ ከሆነ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት መግዛቱ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ዘግይታችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ ግን ይህን ዘዴ ተዉት። ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ቡፌውም ያን ጊዜ ቀለል ይላል። የምግብ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ክፍት ከሆነ አዳራሹን ይምረጥ፤ አስተናጋጁን ረጋ ብሎ መጠየቅ የሚቻለው እዚያ ነው።