የ1984ቱን የማይክል ጃክሰን አሻንጉሊት እንዲጨፍር ማድረግ

ኤልጄኤን የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት አምራች እ.ኤ.አ. በ1984 የማይክል ጃክሰንን አሻንጉሊት ለገበያ አወጣ። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአራት ዓይነት ልብስ ነበር የሚሸጠው፤ አንዱ ያ ሁሉም የሚያውቀው ቀይ ጃኬት ነው። ዛሬም ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ አይጠፋም። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ማይክልን የምንወድበት የራሳችን ምክንያት አለን። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ (በእኛ አቆጣጠር) ለወገኖቻችን መርጃ የተዘፈነውን ዘፈን ከሊዮኔል ሪቺ ጋር የጻፈው እሱ ነው።

አሻንጉሊቱ መልኩ ጥሩ ነው፤ እንቅስቃሴው ግን ውስን ነው። ማይክል ጃክሰን ሆኖ ደርቆ መቆም አያምርም። መፍትሔው ጭንቅላቱን ወስዶ የአክሽን ፊገር፣ ማለትም ብዙ መገጣጠሚያ ያለውና እንደፈለጉ የሚታጠፍ አሻንጉሊት፣ አካል ላይ መግጠም ነው።

ከሁሉ በፊት የማይነካውን ለዩ። ካርቶኑ ካልተከፈተ፣ ጓንቱና ማይክራፎኑ ከተሟላ እባካችሁ አትንኩት። እንዲህ ያለው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ልብሱ የጠፋበት፣ እግሩ የላላ፣ ፊቱ ግን ደህና የሆነ ነው። ዋጋውን ስታጣሩ ሻጮች የሚጠሩትን ተዉትና በትክክል የተሸጡበትን ብቻ ለይታችሁ እዩ። ልዩነቱ ብዙ ነው።

አሻንጉሊት ላይ የታተመ ዓመትም ያሳስታል። ብዙ ጊዜ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) የተመዘገበበት ዓመት እንጂ አሻንጉሊቱ የተመረተበት አይደለም። ጀርባቸው ላይ 1966 የሚል ያለባቸው ባርቢዎች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተሠርተዋል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ፊቱን በቀን ብርሃን መርምሩ። ቅንድቡ፣ የዓይኑ መስመርና ከንፈሩ ካልተፋቁ ትልቁ ሥራ አልቋል ማለት ነው። ሲዳሰስ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይለቃል፤ ቆይቶ ግን ሊመለስ ይችላል።

የእስክሪብቶ ወይም የጨርቅ ቀለም ከነካው 10 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለው የብጉር ቅባት ይረዳል። ፋርማሲ ይገኛል። እድፉ ላይ ብቻ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ቶሎ ቶሎ ግን እዩት። እድፉን ብቻ ሳይሆን የቆዳውን ቀለምም ያነጣል። የተቀባው ዓይንና ከንፈር አጠገብ አታድርሱት። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) የሚባል ነገር ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ በጭራሽ! ያቀልጠዋል።

አሁን ወደ አካሉ። ማይክል ቁመቱ ወደ 1.75 ሜትር ነበር። ለስድስት ሲካፈል 29 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የምትፈልጉት አንድ ስድስተኛ የሚባለውን መጠን ነው። የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው የመጀመሪያው ጂ.አይ. ጆ የተባለ የወታደር አሻንጉሊትም በዚሁ መጠን የተሠራ ነበር፤ አክሽን ፊገር የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ጋር ነው። የወታደር አካል ግን ደረቱ ሰፊ ነው፤ ለማይክል አይሆንም። ቀጭኑን ምረጡ። ቁርጭምጭሚቱ ወደፊትም ወደ ጎንም መታጠፉን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ የማይክል ጭፈራ ግማሹ እዚያ ነው። በብረት አጽም ላይ ሲሊኮን የለበሱ፣ መገጣጠሚያቸው የማይታይ አካላትም አሉ። ያምራሉ፤ ግን ጥቁር ሱሪና ቀይ ጃኬት ቀለማቸውን ይለቁባቸዋል። እኔ ለዚህ ሥራ የፕላስቲኩን እመርጣለሁ።

ጭንቅላቱን ቀዝቃዛ እያለ አትጎትቱ፤ አንገቱ ሊቀደድ ይችላል። በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ ውሃ አለስልሱትና ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። የጭንቅላቱ የአንገት ቀዳዳ ለአዲሱ አካል ከሰፋ በኢፖክሲ ሊጥ (ተቦክቶ ከቆየ በኋላ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ሙሉት። ከመሙላታችሁ በፊት የአካሉን የአንገት ዘንግ ቫዝሊን ቀቡት፤ ያኔ ኢፖክሲው ዘንጉን አይዘውም፣ ጭንቅላቱም ሲፈለግ ይወጣል። አንገቱ ከረዘመ የሚቆረጠው የአዲሱ አካል ዘንግ ነው። ጭንቅላቱን በምላጭ አትንኩት፤ ሌላ አካል ይገዛል፣ ፊቱ ደህና የሆነ ሌላ የ1984 ጭንቅላት ግን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

የእጁ ቀለም ከፊቱ ካልተስማማ በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ደጋግማችሁ በስሱ ቀቡ። ፊቱን ግን ካልተፋቀ እንዳለ ተዉት። ብዙ ሰው አዲስ ቀለም ሲቀባ መልኩን ያጠፋል። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ማት ቫርኒሽ (የማያብረቀርቅ መከላከያ ቅብ) ንፉበት፤ ደረቅ ቀን ላይ፣ ደጅ ወጥታችሁ፣ ለኬሚካል ትነት የሚሆን ማስክ አድርጋችሁ።

የቀረው አቋቋሙ ነው። ማይክል መድረክ ላይ ሰውነቱን እንደ እንጨት አድርቆ ወደፊት የሚያጋድልባትን እንቅስቃሴ አስታወሳችሁ? ምስጢሩ ጫማው ላይ ነው። ተረከዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ከመድረኩ ብቅ የሚል ችካል ይይዛል። ለዚህ ጫማ እሱና አብረውት የሠሩ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጥቷቸዋል። እኛም ያንኑ እናደርጋለን። የፊገሩን ጫማ ተረከዝ በቀጭን ድሪል ብሱት። የእንጨት መቆሚያው ላይ ጠንካራ የብረት ሽቦ ትከሉና ተረከዙን እዚያ ላይ አስገቡት። ክብደቱ ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስለሚያርፍ ሳይቆይ ሊያዘነብል ይችላል። ሽቦውን ረዘም አድርጋችሁ ከጫማው ጀርባ ወደ ላይ አውጡትና ሱሪው ውስጥ ከባቱ ጋር እሰሩት። ከውጭ አይታይም።

የድሮውን አካልና የተረፈውን ልብስ አትጣሉ። ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። አንድ ቀን ፊገሩን ለመሸጥ ካሰባችሁ አካሉ የተቀየረ መሆኑን ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ጻፉ፤ የድሮውን አካልም አብራችሁ ስጡ። ገዥው ከፈለገ መልሶ ይገጥመዋል።