ከጅማ ተነስቶ ውጭ አገር ትያትር መማር፦ ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት ሥራውን አስቡ

ጅማ ውስጥ ወጣቶችን ትወና አሠለጥናለሁ። ጀርመን ተምሬ፣ እዚያው ጥቂት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ልጆቹ ሁሌም «የቱ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ስትጨርሱ በምን ቋንቋ ልትሠሩ ነው?» እላቸዋለሁ።

ተዋናይ በአፉ ነው የሚበላው። ጀርመን ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ 140 ገደማ ትያትር ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ ተዋናይ በወር ደመወዝ ይቀጥራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መድረኩ ግን ጀርመንኛ ነው። ትወና የምትፈልጉ ቋንቋውን እዚሁ እያላችሁ ጀምሩ። ዳንስ፣ መብራት፣ ድምፅ ወይም የመድረክ ዲዛይን ለምትፈልጉ በሩ ሰፋ ይላል፤ እባካችሁ እነዚህን ሙያዎች አትናቋቸው።

ገንዘቡስ? አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ከባዱ ለቪዛ የሚጠየቀው የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ ነው፤ 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም በየወሩ ተመጥኖ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ። ለአብዛኞቻችን ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላችሁ የዳአድን (የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት) ስኮላርሺፕ ተከታተሉ፤ ለትወና፣ ለዳንስና ለሙዚቃም ይሰጣል። አሜሪካ ያለው የዬል የድራማ ትምህርት ቤት ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አቁሟል።

የመጀመሪያው ዙር ፈተና ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ነው። በባሕርይ የተለያዩ ሁለት አጫጭር ሞኖሎጎች፣ ማለትም አንድ ተዋናይ ብቻውን የሚናገራቸው ንግግሮች፣ ይጠየቃሉ። ስልካችሁን አግድም አድርጋችሁ በዓይን ከፍታ አስቀምጡ። ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ። አትቁረጡ፣ ሙዚቃም አትጨምሩ። ደግሞ በጠዋት ቅረፁ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ከጀመረ ድምፃችሁ አይሰማም።

አንዷ ተማሪዬ ስትቀረፅ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና ሰፌድ ላይ ቡና እየለቀመች እንድትናገር ነገርኳት። ጣቶቿ ሥራ ሲያገኙ ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿም ረጋ። ከዚያ ሰፌዱን ወሰድኩባት። ያንኑ ደገመችው፤ እጆቿ በራሳቸው ቦታቸውን አገኙ። የላክነውም ያንን ነው። ሞኖሎጉን ራሳችሁ እንድትመርጡ የሚፈቅድ ትምህርት ቤት ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ አንድ ጨምሩ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚናገር ሰው ፊቱ ሌላ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ነገር። የተማሪ ቪዛ መድረክ ላይ ሠርቶ ለመብላት አይሆንም። እንግሊዝ በዲግሪ ደረጃ የሚማር ሰው በትምህርት ወቅት ምግብ ቤት ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። በመድረክ ባለሙያነት መሥራት ግን አይችልም፤ ያለ ክፍያም ቢሆን፣ የትምህርቱ አካል የሆነ ልምምድ ካልሆነ በቀር። ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ይፈቀዳል። በየትርዒቱ የሚከፈለው እንደ ግል ሥራ ከተቆጠረ ግን ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል። «ትንሽ ዝግጅት ናት፣ ማን ያያል» የሚላችሁን አትስሙ። የሚባረረው እሱ አይደለም።

ከምረቃ በኋላም አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ለትወና ምሩቅ በሙያው የሚሠራበት አንድ ዓመት ትሰጣለች፤ ለሳይንስ ተማሪዎች የሚጨመረው 24 ወር ለእናንተ የለም። እንግሊዝ ሁለት ዓመት ነው፤ ከጥር 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚያመለክቱ የባችለርና የማስተርስ ምሩቃን ግን 18 ወር ይሆናል። ጀርመንም 18 ወር ትሰጣለች፤ በዚያ ጊዜ ማንኛውንም ሥራ እየሠራችሁ በሙያችሁ መፈለግ ትችላላችሁ።

ስለዚህ የመጨረሻውን ዓመት እንደ ሥራ ፍለጋ ቁጠሩት። በምረቃ ትርዒቱ ቀን ለተዋናይ ሥራ የሚያፈላልጉ ወኪሎችና የትያትር ቤት ሰዎች ይመጣሉ። ከወር በፊት በስማቸው ጻፉላቸው፤ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮም አያይዙ። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው ደግሞ የተማሪው ፈቃድ ሳያልቅ ይግባ።