ኤምካትን ላራዝመው ወይስ ልፈተነው?

የእህቴ ልጅ ኤምካት ለሚሉት የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። እሷ ሜሪላንድ ናት፣ እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም። እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲል እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። ሚያዝያ ላይ በዚያ ሰዓት ደወለች። ኔትወርክ የሚይዘው በረንዳው ላይ ስለሆነ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ኤምካቱን ላራዝመው መሰለኝ።»

ከወዲያ ማዶ ጅብ ጮኸ። «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። «ጅብ ነው፣ ቀጥዪ።»

ፈርታለች። ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ፈተና ያልፈራ ተማሪ አላየሁም። ለመፍራት ብቻ ከሆነ አታራዝሙ፤ በአዲሱ ቀንም ትፈራላችሁ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። ቀን መቀየሪያው በ60፣ በ30 እና በ10 ቀን ይከፋፈላል። ፈተናው እየቀረበ ሲሄድ ክፍያው ይጨምራል፤ ከ10 ቀን በታች ሲቀር ጭራሽ አይቻልም። የእሷ 13 ቀን ቀርቶት ነበር። ለመወሰን ሦስት ቀን አላት ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች አውጡ። አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ118 እስከ 132 ይታረማሉ፤ ድምሩ ከ472 እስከ 528 ነው። የእሷ 503፣ 504፣ 502። የምትፈልገው 510። ሁለት ሦስት ነጥብ ቢሆን ተፈተኚ እላት ነበር። ደግሞ እንዴት እንደሠራችው ስጠይቃት፣ እናቷ ለምሳ ስትጠራት ሰዓቱን እያቆመች ነው! እውነተኛው ፈተና ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ያስቀምጣል። እንዲህ የተገኘ 503 እኔ 503 አልለውም።

ከዚያ ስህተቶቹን አየን። የዘነጋቻቸው አሚኖ አሲዶች ነበሩ፤ ሃያ ናቸው፣ በ13 ቀን ይያዛሉ። ችግሩ የንባቡ ክፍል፣ ካርስ የሚሉት ነው። 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ለአንዱ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። እሷ አንዱን በ12 ነው የምትጨርሰው። ሰባተኛውን ስትዘጋ 6 ደቂቃ ቀርቷታል፤ ሁለቱን ሳታነብ ትገምታለች። የንባብ ፍጥነት በሁለት ሳምንት አይመጣም። አራዝሚው አልኳት።

«ግድ የለም፣ ልሞክረው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስሙት። በአንድ የፈተና ዓመት 3 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት 4 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። መጨረሻ ላይ «አይታረምልኝ» ብትሉም ይቆጠራል። ሳትሄዱ ብትቀሩም እንደዚያው።

ግን እስከ መቼ? ውጤት ለመውጣት አንድ ወር ያህል ይፈጃል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማመልከቻ የሚያዩት እንደ አመጣጡ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም ተፈትኖ ለዚያው ዓመት መሯሯጥ አይታየኝም፤ ያኔ ለከርሞ ማመልከት ይሻላል። እሷ ወደ ሰኔ አጋማሽ አዛወረችው።

እህቴ ተቆጣችኝ። ለፈተናው ማግስት ዘመድ ጠርታ ኖሯል። ዶሮው ተሠራ፣ ተበላ።

አሁን በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትደውላለች። እሷ አንድ ምንባብ ትሠራለች፣ እኔ በረንዳው ላይ ሰዓት እይዛለሁ። ትናንት 11 ደቂቃ።