ላይላክ ቅጠል ብቻ ሆኖ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ጓሮው ውስጥ አንድ አሮጌ ላይላክ (lilac፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ) ያገኛል። ሜይ ላይ ሲያብብ ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል። እምቢ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የእኛው መነካካት ነው።

ትልቁ ጥፋት ያለጊዜው መቁረጥ ነው። ላይላክ የመጪውን ዓመት እምቡጥ የሚቋጥረው አበባው ከረገፈ በኋላ ባለው ሰመር ነው። ኦክቶበር ላይ «ጓሮውን ላስተካክል» ብለው መቀስ ካነሱ፣ የሚቆርጡት የሜይን አበባ ነው። ካላመኑ ቅጠሉ ሲረግፍ የቅርንጫፉን ጫፍ ጠጋ ብለው ይዩት። ጎን ለጎን ሁለት ወፈር፣ ክብ ያሉ እምቡጦች ተቀምጠዋል። አበባው ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ቀጠን፣ ሾል ያሉት ቅጠል ይሆናሉ። ስለዚህ መቁረጥ ያለብዎት አበባው እንደጠወለገ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው።

ያረጀውን ቁጥቋጦ በአንዴ ከሥሩ የሚመነጥሩም አሉ። መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አበባ ግን ለጥቂት ዓመታት አይታሰብም። ይልቅ በየዓመቱ ከወፋፍራሞቹ አሮጌ ግንዶች አንድ ሦስተኛውን ከመሬት አስጠግተው ይቁረጡ። በ3 ዓመት ሙሉ በሙሉ ይታደሳል።

ሌላው የሳር ማዳበሪያ ነው። ለሳሩ ብለው የበተኑት ናይትሮጅን ለላይላኩም ይደርሰዋል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይንዠረገጋል፣ አበባ ግን ወፍ የለም።

ፀሐይ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ሲተከል ፀሐይ ያገኝ የነበረውን ላይላክ የጎረቤት ዛፍ አድጎ ጋርዶት ይሆናል፤ ቀና ብለው ይመልከቱ። ውሃ የሚያቁር መሬትም አይወድም። አሲዳም አፈርም እንዲሁ፤ ሲያትል አካባቢ ያላችሁ አሲዱን ለመቀነስ ኖራ ከመጨመራችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ።

አዲስ ችግኝ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላያብብ ይችላል። ነቅሎ ቦታ መቀየር ቆጠራውን እንደገና ያስጀምረዋል። ሰመር መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ዱቄት የመሰለ ነገር ቢያለብሰውም አይደንግጡ፤ መልኩን ያበላሻል እንጂ ብዙም አይጎዳውም።

ተራው ላይላክ ደህና ብርድ ካላገኘ አያብብም። ሂውስተን ላይ መትከል ገንዘብ መጣል ነው። ሎስ አንጀለስ ላላችሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሞቃት አየር የተዳቀለው «ላቬንደር ሌዲ» የተባለው የላይላክ ዝርያ ይሻላል። ችግኙን አዲስ አበባ ወስዶ ለእናቱ ግቢ ለሚያስብ ደግሞ፣ እዚያ ሐምራዊ አበባ ከተፈለገ ጃካራንዳ አለ።