የሆርን አንቴና ችግርና መፍትሄ፦ ሲግናሉ ሞልቶ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ

ይህ ጽሑፍ ታወር ላይ አክሰስ ፖይንት (ደንበኞችን የሚያገናኝ ራዲዮ) ሰቅለው በ5 ጊጋኸርዝ ኢንተርኔት ለሚያከፋፍሉ ሰዎች ነው። በተለይ አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ የገመድ አልባ ኢንተርኔት ድርጅቶች ለምትሠሩ። የኃይል ገደቦቹም የዚያው አገር ናቸው።

ብዙ ሰው አንቴና ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዲቢአይ ነው?» ብሎ ነው፤ ዲቢአይ የጌይን፣ ማለትም አንቴናው ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የማሰባሰብ አቅሙ መለኪያ ነው። ለደንበኛ ቤት ዲሽ ጥያቄው ትክክል ነው። ለታወር ግን መነሻው ሌላ መሆን አለበት፦ ይህ አንቴና የማልፈልገውን ድምፅ (ኖይዝ) ምን ያህል ይከለክልልኛል? ሆርን፣ ማለትም አፉ እንደ ቀንድ እየሰፋ የሚሄድ አንቴና፣ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከታች ያሉትን ችግሮች ስታዩ ይህን አትርሱት።

ምልክት፦ ሲግናሉ ጥሩ ነው፣ ዳውንሎድ ይሄዳል፣ አፕሎድ ግን ይሞታል

ደንበኛው ከ-55 ዲቢኤም በታች አይወርድም (ዲቢኤም የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ የቀረበው ይበረታል)። ማታ ማታ ግን የቪዲዮ ጥሪው ይቆራረጣል። ቴክኒሻን ይላካል፣ ዲሹ እንደገና ይስተካከላል፣ ለውጥ የለም።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ታወሩ ላይ ነው። የደንበኛው ዲሽ ጠባብ ስለሆነ የሚያየው ወደ ታወሩ ብቻ ነው። ታወሩ ግን ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ሁሉንም ይሰማል፤ የተፎካካሪ ድርጅት ራዲዮ፣ የየቤቱን ዋይፋይ፣ አጠገቡ የተሰቀሉ የራሳችሁን ራዲዮዎች ጭምር። ስለዚህ ኖይዝ ቀድሞ የሚመታው ታወሩ የሚቀበለውን፣ ማለትም አፕሎዱን ነው።

የተለመደው ሴክተር አንቴና፣ ማለትም ታወር ላይ አንድን ሰፊ አቅጣጫ የሚሸፍነው፣ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ውስጡ በቁመት የተደረደሩ ትንንሽ ፓቾች (ጠፍጣፋ የአንቴና ክፍሎች) አሉ። 90 ዲግሪ ስፋት ይዞ ከ17 እስከ 20 ዲቢአይ ድረስ የሚያገኘው ጨረሩን ከላይና ከታች ጨፍልቆ ነው። ከዋናው ጨረር ጋር ግን የጎን ጨረሮች አብረው ይወጣሉ። በእነሱ በኩል ከማትፈልጉት አቅጣጫ ኖይዝ ይገባል፤ የእናንተም ጩኸት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሆርን ጨረሩን የሚቀርጸው በአፉ ቅርጽ ነው። በደንብ ከተሠራ የጎን ጨረሩ እጅግ ደካማ ነው።

መጀመሪያ አረጋግጡ። የስፔክትረም ቅኝቱን (በየቻናሉ ያለውን ኖይዝ የሚያሳየውን) ከደንበኛው ሳይሆን ከአክሰስ ፖይንቱ አሂዱ። ብዙ ራዲዮዎች ቅኝት ላይ ሲሆኑ ደንበኞችን ስለሚያቋርጡ ሌሊት ብታደርጉት ይሻላል። ከዚያ ታወሩ እያንዳንዱን ደንበኛ በምን የሲግናልና የኖይዝ ልዩነት እንደሚሰማው ተመልከቱ። ለምሳሌ ሴክተሩ ደንበኛውን በ-55 ይሰማል፣ ኖይዙ -75 ነው እንበል። ልዩነቱ 20 ዲቢ ነው። በሆርን ደንበኛው ወደ -63 ቢወርድና ኖይዙ ወደ -92 ቢወርድ ልዩነቱ 29 ዲቢ ይሆናል። ሲግናሉ ቀነሰ፣ ፍጥነቱ ግን ጨመረ። ይህን ለአለቃ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ኖይዙ የሚመጣው ከደንበኞቻችሁ አቅጣጫ ከሆነ፣ ያንኑ ስፋት ያለው ሆርን ብዙም አይረዳችሁም። በዋናው ጨረር ውስጥ ሲግናሉም ኖይዙም እኩል ነው የሚቀንሱት። እንዲህ ሲሆን ጠባብ ሆርን ምረጡ፣ ወይም ቻናል ቀይሩ፣ ወይም የቻናሉን ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አውርዱ። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የራዲዮው የራሱ የኖይዝ ወለል በ3 ዲቢ ይወርዳል፤ ንጹሕ ክፍተት ማግኘትም ይቀላል።

ሆርን ጸጥተኛ መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ኒው ጀርሲ ሆልምደል ባለው የቤል ላብስ ግዙፍ ሆርን ሲለኩ የማይጠፋ ደካማ ኖይዝ አገኙ። ውስጡ የሰፈሩትን እርግቦች አስወጡ፣ ኩሳቸውንም ጠረጉ፤ ኖይዙ አልሄደም። በኋላ ከጠፈር የሚመጣ የጥንት ጨረር መሆኑ ታወቀና በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። አንቴናው ከመሬትና ከጎን የሚመጣውን ስለማይሰማ ነው የቀረችውን ትንሽ ድምፅ ማመን የቻሉት።

ምልክት፦ ሴክተሩን በሆርን ቀየርን፣ ሩቅ ያሉ ደንበኞች ወደቁ

እዚህ ላይ ሂሳቡ ቀድሞ መሠራት ነበረበት። 90 ዲግሪ ሆርን ጌይኑ 10 ዲቢአይ ገደማ ነው። 30 ዲግሪው 18 አካባቢ ይደርሳል። በ5.8 ጊጋኸርዝ 1 ኪሎ ሜትር ላይ የሚጠፋው 108 ዲቢ ያህል ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዲቢ ጨምሩ። 4 ኪሎ ሜትር ላይ 120 ይሆናል። ራዲዮው 25 ዲቢኤም ቢያወጣ፣ ሆርኑ 10 ቢጨምር፣ የደንበኛው ዲሽ 25 ዲቢአይ ቢሆን፣ ደንበኛው -60 ዲቢኤም ያገኛል። 8 ኪሎ ሜትር ላይ -66። ይህ እይታው ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ዛፍ ካለ ሂሳቡን ርሱት። ራዲዮው በከፍተኛ ሞጁሌሽን (በአንዴ ብዙ መረጃ ሲጭን) ኃይሉን እንደሚቀንስም ከዳታ ሺቱ እዩ።

አሜሪካ ውስጥ ከ5725 እስከ 5850 ሜጋኸርዝ ባለው ባንድ፣ ከአንድ ታወር ለብዙ ደንበኞች ስታሰራጩ ራዲዮውና አንቴናው ተደምረው ከ36 ዲቢኤም ማለፍ የለባቸውም። 20 ዲቢአይ ሴክተር ከሰቀላችሁ ራዲዮውን ወደ 16 ማውረድ ግዴታ ነው። 10 ዲቢአይ ሆርን ግን 26 ይፈቅድላችኋል። ስለዚህ ራዲዮው ያን ያህል ማውጣት ከቻለ ዳውንሎድ ላይ ያጣችሁት ነገር የለም። የምታጡት አፕሎድ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የኖይዙ መቀነስ ይክሳችኋል። ሌላ አገር ያላችሁ የአገራችሁን ገደብ ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለመሸጥ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

መፍትሄው ሁሉንም በ90 ዲግሪ መሸፈንን መተው ነው። ደንበኞቻችሁን ካርታ ላይ አስቀምጡ። ሩቅና የተሰባሰበ መንደር ካለ 30 ዲግሪ ሆርን ለብቻው ስጡት። ቅርብና የተበተኑት በ60 ወይም በ90 ይያዙ። ደንበኛ በሌለበት አቅጣጫ አንቴና መስቀል ኖይዝ መግዛት ነው። ጥቂት ሩቅ ሰዎች ብቻ ከቀሩ ትልቅ ዲሽ ስጧቸው።

ሌላም ነገር አለ፦ «90 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር የተለካው ኃይሉ በ3 ዲቢ በሚወርድበት ቦታ ነው ወይስ በ6? ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በ6 ከሆነ ጠርዝ ላይ ያለው ደንበኛ መሀል ላይ ካለው በ6 ዲቢ ያንሳል፤ በርቀት ሲታይ ግማሽ መንገድ ማለት ነው። ሁለት አንቴና ስታወዳድሩ በአንድ መለኪያ አወዳድሩ።

ምልክት፦ ታወሩ ሥር ያለው ደንበኛ ከሩቁ ይብሳል

40 ሜትር ታወር ላይ ያለ አንቴና 200 ሜትር ላይ ያለውን ቤት የሚያየው 11 ዲግሪ ወደ ታች ነው። የብዙ ሴክተሮች ጨረር በቁመት 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቤቱ ከጨረሩ ውጭ ይቀራል። የሚያገኘው ከጎን ጨረር የተረፈውን ነው። ክብ አፍ ያለው ሆርን በቁመትም በጎንም እኩል ስለሚሰፋ ይህ ችግር ይጠፋል።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ሜዳ ላይ 90 ዲግሪ ሆርን ብትሰቅሉ ከጨረሩ ብዙው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ለሜዳና ለርቀት በጎን ሰፊ፣ በቁመት ጠባብ የሆነውን ሆርን ምረጡ። ለኮረብታማ ቦታ ክቡ ይሻላል።

ምልክት፦ ማታ ሁሉም ይዘገያል፣ ኖይዝ ግን የለም

ይህ የአንቴና ጥፋት ላይሆን ይችላል። አክሰስ ፖይንቱ ሞልቷል። በደካማ ሲግናል የተገናኘ አንድ ደንበኛ ያንኑ መረጃ ለመቀበል የብዙ ሰው ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ ደካሞቹን አስተካክሉ። ካልበቃ አንዱን 90 ዲግሪ በሦስት 30 ዲግሪ ሆርኖች ከፋፍሉት።

ምልክት፦ አዲስ ሆርን ጨመርን፣ አሮጌው ታመመ

አንዱ ራዲዮ ሲናገር ሌላው እያዳመጠ ነው። ርቀታቸው ሁለት ሜትር አይሞላም። የሆርን ጀርባ ጸጥተኛ ቢሆንም ተአምር አይሠራም። በጂፒኤስ የሚናበቡ ራዲዮዎች ካሏችሁ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲናገሩ፣ በአንድ ጊዜ እንዲያዳምጡ አድርጉ። የዳውንሎድና የአፕሎድ ድርሻቸውም አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ 75 ለ25፣ ሌላው 50 ለ50 ከሆነ መናበቡ ዋጋ የለውም። ያኔ ጀርባ ለጀርባ ያሉት ሆርኖች አንድ ቻናል መጋራት ይችላሉ፤ ለአራት አቅጣጫ ሁለት ቻናል ይበቃል። ጂፒኤስ ከሌለ ለእያንዳንዱ የተለየ ቻናል ስጡ፣ በመካከላቸውም ክፍተት ተዉ።

ምልክት፦ ከዝናብ በኋላ ይበላሻል፣ ወይም አንዱ ቼይን ከሌላው በጣም ያንሳል

በ5 ጊጋኸርዝ ዝናቡ ራሱ በዚህ ርቀት የሚያጠፋው ኢምንት ነው። ውሃ የገባበት ኮኔክተር ፈልጉ። ከሁለቱ ቼይኖች (ራዲዮው ከሚልክና ከሚቀበልባቸው ሁለት መንገዶች) አንዱ በ10 ዲቢ ካነሰ በዚያ በኩል ያለውን ኬብል ቀይሩ፣ ኮኔክተሩን ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉ። ራዲዮው ያለ ኬብል ተጠምዝዞ የሚገጠምበት ሆርን ይህን ጣጣ ከነጭራሹ ያስቀራል። ለእኔ ይህ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል።

ደንበኞች ሁሉ አንቴናው በተቀየረበት ቀን ከተዳከሙ ግን ፖላራይዜሽኑን፣ ማለትም ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ፣ እዩ። አንዳንድ ራዲዮዎች በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ይጠቀማሉ፣ ሌሎች አግድምና ቁም። ክቡን ሆርን ማሰሪያው ላይ 45 ዲግሪ ማዞር ይቻላል፤ የሽፋን ቅርጹ ብዙም አይለወጥም። በጎን ሰፊውን ሆርን ግን አታዙሩት፣ ሽፋኑ ይጣመማል።

ምልክት፦ ሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል

ከ5250 እስከ 5350 ወይም ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ላይ ከሆናችሁ ራዲዮው ራዳር ሰምቶ ይሆናል። ሕጉ ቻናሉን እንዲለቅ ያስገድደዋል፤ በእነዚህ ባንዶች አዲስ ቻናል ሲይዝም መጀመሪያ 60 ሴኮንድ ማዳመጥ አለበት። የራዲዮውን ሎግ ክፈቱና ሰዓቱን አመሳክሩ። ራዳር ተብሎ ከተመዘገበ ታወር መውጣት አያስፈልጋችሁም፤ ሌላ ቻናል ምረጡ።