የምናብ ፌዴሬሽን ምክር ቤት፦ አደረጃጀቱና የድምፅ አሰጣጡ

የሥነ ዜጋ ክበቦች የምናብ ፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ብዙ የሚደክሙት ለባንዲራውና ለመዝሙሩ ነው። ምክር ቤቱ የሚናጋው ግን በመጀመሪያው የድምፅ ቆጠራ ነው። «አብላጫ» የሚባለው ከምን ላይ እንደሚሰላ አስቀድሞ ካልተጻፈ ሁለቱም ወገን አሸንፌያለሁ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጀምሩ።

ለክልሎቹ የእውነተኛ ክልል ወይም ብሔረሰብ ስም አትስጡ፤ ተማሪው ደንቡን ትቶ የውጭውን ሙግት ይዞ ይገባል። እዚህ ደጋ (5.4 ሚሊዮን ሕዝብ)፣ ወይናደጋ (3.2 ሚሊዮን)፣ ቆላ (1.9 ሚሊዮን)፣ በረሃ (800 ሺህ) እና ደሴት (300 ሺህ) እንበላቸው።

ለወንበር ክፍፍል ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 በፌዴሬሽን ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ 1 ተወካይ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተጨማሪ ተወካይ ይሰጣል። የጀርመን ቡንደስራት (የክልሎች ምክር ቤት) ደግሞ ለትንሹ ክልል 3፣ ለትልቁ 6 ድምፅ ይሰጣል፤ ድምሩ 69 ነው። ለክበብ ሁለቱን ማዳቀል ይሻላል፦ ለሁሉም 3 መነሻ፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ሚሊዮን 1 ጭማሪ። ደጋ 8፣ ወይናደጋ 6፣ ቆላ 4፣ በረሃ 3፣ ደሴት 3፤ በጠቅላላ 24 ወንበር ይሆናል።

ክፍፍሉን ከማጽደቃችሁ በፊት ፈትኑት። ደጋና ወይናደጋ ብቻቸውን 14 ድምፅ አላቸው፤ ከ24 ወንበር አብላጫው 13 ነው። ሁለቱ ከተስማሙ የቀሩት ሦስቱ ክልሎች ተመልካች ይሆናሉ፣ በሁለተኛው ስብሰባም አይመጡም። መፍትሔው ሕጉን፣ ሁለት ሰው ቁልፍ እንደሚይዝለት የእድር ሣጥን፣ በሁለት ቁልፍ መዝጋት ነው፦ አብላጫ ድምፅ እና ቢያንስ የ3 ክልሎች ድጋፍ። ክልሉ ደገፈ የሚባለውም ከተወካዮቹ ደጋፊው ከተቃዋሚው ሲበልጥ መሆኑን ጻፉ። ከደሴት ሦስት ተወካዮች አንዱ ቢደግፍ፣ አንዱ ቢቃወም፣ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርግ ደሴት አልደገፈችም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ቅደም ተከተል አጭር ነው። በዕድሜ አንጋፋው አባል ይመራል፣ የተወካዮቹ ውክልና ይረጋገጣል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል፣ አፈ ጉባኤና ምክትሉ በምስጢር ድምፅ ይመረጣሉ። ሁለቱ ከተለያየ ክልል ይሁኑ። ከዚያ ሌላ አጀንዳ ሳይነሣ የአሠራር ደንቡ ይጽደቅ። ሦስት ቋሚ ኮሚቴ ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ከየክልሉ አንድ፣ 5 አባላት።

ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ስብሰባው እንዲካሄድ መገኘት ያለበት ትንሹ የአባላት ቁጥር፣ ላይ ቆም በሉ። የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ካልተገኙ አይሰበሰብም (አንቀጽ 64)። በ24 ወንበር ይህ 16 ነው። ደጋ ተቆጥቶ 8ቱን ይዞ ቢወጣ የሚቀሩት ልክ 16 ናቸው፤ ከእነርሱ አንድ ሰው ቢታመም ስብሰባው ይበተናል። አንድ ክልል ምክር ቤቱን በር ላይ ቆሞ እንዳያስር ከፈለጋችሁ ምልዓተ ጉባኤውን 13 አድርጉት። ቆጠራውም ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት ይደገም፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወንበር ባዶ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው። 18 አባላት ተገኝተዋል እንበል፤ 8 ደገፉ፣ 6 ተቃወሙ፣ 4 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ረቂቁ ጸድቋል? ድምፅ ከሰጡት ላይ ከተሰላ፣ ድምፀ ተአቅቦውም ካልተቆጠረ፣ 8 ከ14 ነውና ጸድቋል። ከተገኙት ላይ ከሆነ 10 ያስፈልጋል፤ ወድቋል። ከጠቅላላ አባላት ከሆነ 13 ነው፤ አሁንም ወድቋል። አንድ ቆጠራ፣ ሁለት ዓይነት ውጤት። አንቀጽ 64 ከተገኙትና ድምፅ ከሰጡት አብላጫውን ይወስዳል። ቡንደስራት የሚያሰላው ከጠቅላላው ስለሆነ 35 ድምፅ የግድ ነው፤ እዚያ ድምፀ ተአቅቦ እንደ ተቃውሞ ይሠራል። ለክበብ የመጀመሪያውን እንመክራለን፤ ልጆች ሳያምኑበት እጅ ማውጣት የለባቸውም፣ ዝም ማለታቸውም አንዱን ወገን ሊጥል አይገባም። እኩል ከወጣ ረቂቁ ወድቋል፤ አፈ ጉባኤው እንደ ማንኛውም አባል አንዴ ድምፅ ይሰጣል እንጂ ሁለተኛ ድምፅ የለውም።

ክልሉ በአንድ ድምፅ ይናገር ካላችሁ፣ ድምፁን የሚያሰማውን አንድ ሰው በስም አስመዝግቡ። በመጋቢት 2002 (እንደ ፈረንጆቹ) በቡንደስራት በአንድ የኢሚግሬሽን ሕግ ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከብራንደንቡርግ ክልል አንድ ሚኒስትር «አዎ»፣ ሌላው «አይ» አሉ። ሰብሳቢው ደግመው ሲጠይቁ የክልሉ ጠቅላይ ሚኒስትር «አዎ» በማለታቸው ድምፁ እንደ ድጋፍ ተቆጠረ። በታኅሣሥ ወር የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፤ የአንድ ክልል ድምፅ መከፋፈል የለበትምና።

ረቂቅ ሕግ ከ48 ሰዓት በፊት ለአባላት ይድረስ። አቅራቢው 5 ደቂቃ ያብራራል፣ ረቂቁ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፣ ተናጋሪ ሁሉ 3 ደቂቃ አለው። ማሻሻያዎች ከዋናው ረቂቅ በፊት ድምፅ ይሰጥባቸው፤ ከረቂቁ በጣም የራቀው ይቅደም። ረቂቁ ከጸደቀ በኋላ የመጣ ማሻሻያ የጸደቀውን ማፍረስ ነውና አይታይም።

ድምፅ ሲሰጥ በሩ ይዘጋ። ከሁለት ክልል የተመረጡ ሁለት ቆጣሪዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በወረቀት ይመዝግቡ። ሦስቱም ጥያቄ ይጠየቅ፦ የምትደግፉ፣ የምትቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ። በየቦታው የሚታየው ስሕተት ድጋፍና ተቃውሞን ቆጥሮ የቀረውን በመቀነስ «ድምፀ ተአቅቦ» ማለት ነው፤ ስልክ ሊያነጋግር የወጣው ሁሉ በዚያ ስም ይመዘገባል። የሦስቱ ድምር ከተገኙት ካነሰ እጅ ያላወጣ አለ፣ ከበለጠ ሁለቴ ያወጣ አለ፤ በስም ጥሪ ይደገም።

ደንቡን ለመለወጥ መስፈርቱ ይክበድ፦ ከጠቅላላው 16 ድምፅና 4 ክልሎች። ደጋ በሙሉ ቢቃወም እንኳ የቀሩት ልክ 16 ናቸው፣ ስለዚህ ብቻውን ማገድ አይችልም፤ አንድ አጋር ካገኘ ግን ያግዳል።

ውጤቱ በቁጥር ይነገር፦ «ረቂቁ በ6 ተቃውሞ፣ በ4 ድምፀ ተአቅቦና በ8 ድጋፍ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል፤ የደገፉት ክልሎች ቆላ፣ በረሃና ደሴት ናቸው።» ጸሐፊው ያንኑ በቃለ ጉባኤው ይጽፋል፤ አባላቱ ሳይበተኑ ተነቦ አፈ ጉባኤውና ሁለቱ ቆጣሪዎች ይፈርሙበታል።