የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ፦ የትኛውን ዘርፍ ልምረጥ?

ጎንደር ላይ ለማስተርስ ከሚያመለክቱ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዘርፍ የሚመርጡት ስሙን በሥራ ማስታወቂያ ላይ ደጋግመው ስላዩት ነው። ስሙ ግን ሁለት ዓመት ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ አይነግራቸውም። የመጀመሪያዎቹ መሠረታዊ ኮርሶች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። ዘርፎቹን የሚለያያቸው የሚያነሱት ጥያቄ ነው።

ስለዚህ በቅርብ የምታውቁትን አንድ ችግር ያዙ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን በሽታ፣ ካላ አዛርን፣ እንውሰድ። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማና ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ሜዳ ላይ ያድራል፤ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ዙሪያ የምትገኘው የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች፤ ሕመሙ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ አገሩ ከገባ ወዲያ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭትና መንስኤ ጥናት) እዚህ ላይ «ከሠራተኞቹ ማን ታመመ፣ ካልታመመው በምን ተለየ?» ይላል። የአካባቢ ጤና የሚያድርበትን ቦታ ያያል። የጤና ትምህርትና የባህሪ ሳይንስ አጎበር ይዞ የወረደው ሰው ለምን እንዳልዘረጋው ይጠይቃል። የጤና ኢኮኖሚክስ ተኝቶ ሲታከም የቀረበትን የቀን ገቢ ያሰላል፤ የጤና አገልግሎት አስተዳደር በሽተኛው ሕክምና እስኪያገኝ ስንት ተቋም እንደዞረ ይከታተላል። ሥነ ምግብ የሰውነቱን መጎዳት ይለካል።

ከእነዚህ ሦስቱን ምረጡና ለእያንዳንዱ ሁለት ገጽ ጻፉ፦ ችግሩ፣ አንድ ጥያቄ፣ መረጃው ከማን እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚተነተን። የችግሩን ገለጻ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። የሚፈትናችሁ የአሠራር ዘዴው ነው። እሱን ስትጽፉ ሳትሰለቹ ሌላ ጽሑፍ እያገላበጣችሁ ካመሻችሁ፣ ያ ዘርፍ ይስማማችኋል።

ቁጥር ላይ ዝንባሌያችሁን ለማወቅ ደግሞ በየጥናቱ የምታገኙትን የናሙና ብዛት፣ 423ን፣ ራሳችሁ አውጡት። 1.96 የ95 በመቶ መተማመኛ ቁጥር ነው፤ 0.5 ችግሩ አለባቸው ተብሎ የሚገመተው ድርሻ (50 በመቶ) ነው፤ 0.05 የሚፈቀደው የስህተት መጠን ነው። 1.96 ሲባዛ በ1.96፣ ሲባዛ በ0.5፣ ሲባዛ በ0.5፣ ለ0.05 ካሬ ሲካፈል 384 ይሆናል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ነው። ናሙናው በደረጃ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ወርዶ የተወሰደ ከሆነና ዲዛይን ኢፌክቱ (በደረጃ መውሰዱ የሚያመጣውን ልዩነት ለማካካስ ናሙናው የሚባዛበት ቁጥር) 2 ከተባለ ቁጥሩ 845 ይደርሳል። ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ነው፦ የአካባቢው ጥናት እያለ 50 በመቶ ይወሰዳል፣ ወይም ይኸው ቀመር የታመሙትን ካልታመሙት ለሚያነጻጽር ጥናት ይውላል። «ለምን 50?» የሚለው ጥያቄ እረፍት የሚነሳችሁ ከሆነ ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ) አይከብዷችሁም። ቁጥሩን ገልብጣችሁ ማለፍ ከፈለጋችሁ ሌላ ዘርፍ ብታዩ ይሻላል፤ ይህ ነውር የለበትም።

ሌላው ፈተና መዝገብ ነው። በምትሠሩበት ጤና ጣቢያ አስፈቅዳችሁ፣ ስም ሳትወስዱ፣ ከወባ መዝገብ 100 መስመር ኤክሴል ላይ አስገቡ። ባዶ የቀረ ዕድሜ፣ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር የተደባለቀ ቀን ታገኛላችሁ። ስህተቱን ማጽዳት ደስ ካላችሁ ባዮስታቲስቲክስ፤ «ቅጹ ራሱ ለምን እንዲህ ተሠራ?» ካላችሁ ጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃ ሥርዓት ዘርፍ)፤ «ይሄ ሰው ለምን በአምስተኛው ቀን መጣ?» ካላችሁ የባህሪ ሳይንስ ወይም የአገልግሎት አስተዳደር።

ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የመመረቂያ ጥናት ርዕሶች ጠይቁና አንብቡ። በምትፈልጉት ጉዳይ ላይ የሚያማክር መምህር መኖሩን ከርዕሶቹ ታውቃላችሁ፤ አማካሪ የሌለው ርዕስ መጨረሻ ላይ ይቀየራል። መረጃ ከየት እንደምታገኙም አስቡ። ዳባት ላይ በፈረንጆቹ 1996 የተጀመረው የሕዝብና የጤና ክትትል አንድን ቤተሰብ ለዓመታት ስለሚከተል፣ ፈቃድ ከተገኘ በአንድ ጊዜ ቆጠራ የማይመለስ ጥያቄ መመለስ ያስችላል። መተማ ወርዳችሁ የምትሰበስቡ ከሆነ ወቅቱ ይወስናል፦ የጥናቱ ሥነ ምግባር ፈቃድ ዘግይቶ አጨዳው ካለፈ ሠራተኛው ተበትኗል። የመረጃ ሰብሳቢዎችን አበልና መጓጓዣ ከወዲሁ አስሉ።

ስለ ሥራ ዕድል፦ ማስታወቂያ ስታዩ የዘርፉን ስም ብቻ ሳይሆን የሥራ ዝርዝሩን አንብቡ። «የክትትልና ግምገማ ባለሙያ» የሚል መደብ የባዮስታቲስቲክስም የኢንፎርማቲክስም ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ግን መሥፈርቱ ላይ የተጻፈውን ስም ያልያዘ የዲግሪ ማስረጃ በምዝገባ ላይ ሊመለስ ይችላል። ጠባብ ስም ያለው ዘርፍ ከመረጣችሁ ይህን አውቃችሁ ግቡበት። የአካባቢ ጤናን ግን «ሥራ የለውም» እየተባለ ሲታለፍ ማየት ያሳዝናል፤ በ1953 የደንቢያ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1954፣ ሁለቱም በፈረንጅ፣ ጎንደር ላይ የተከፈተው ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከነርስ እኩል የሳኒቴሽን ባለሙያ ያሠለጠነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከማመልከታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ለዘርፉ ተቀባይ መሆኑን፣ ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚሰጥበትን ጊዜ፣ መሥሪያ ቤት ከላካችሁ ደግሞ የስፖንሰር ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ዘርፍ። ደብዳቤው «ኅብረተሰብ ጤና» ብቻ ካለ የዘርፉን ስም አስጽፉበት፤ ከተመዘገባችሁ በኋላ ማስተካከል በጣም ይከብዳል።